አዳማ ላይ ዝናቡ ምን ነካው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ አጎቴ ደግሞ ወለንጪቲ አካባቢ ጤፍና በቆሎ ያርሳሉ፣ ስለዚህ ግንቦት ካለቀ ጀምሮ ከተማሪውም ከገበሬውም ጥያቄ አይቀርልኝም። ባጃጅ ውስጥ አብሮኝ የተሳፈረ ሰው ሳይቀር ሰማዩን እያየ "ዘንድሮስ እንዴት ነው?" ይለኛል። በብዛት የምጠየቀውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ።

ቁርጡን ንገረን፣ ዝናቡ ቀንሷል ወይስ ጨምሯል?

እኔ እንደሚመስለኝ መጠየቅ ያለበት ይሄ አይደለም። የዓመቱን ድምር ብቻ ካየን እዚህ መካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ላይ አንዱ ዓመት ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ ነው የሚሄደው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎትት ግልጽ መስመር አይወጣለትም። ሙቀቱ ግን እንደዛ አይደለም፣ ሙቀቱ በግልጽ እየጨመረ ነው። ገበሬ ደግሞ በድምር አይዘራም። እሱ የሚያየው መቼ ገባ፣ በመሃል ስንት ቀን ጠፋ፣ ሲጥል ደግሞ በአንዴ ምን ያህል ጣለ የሚለውን ነው።

እስቲ ሁለት ክረምት አስቡ፣ ሁለቱም 500 ሚሊ ሜትር የዘነበባቸው። አንዱ በ50 ቀን እየተከፋፈለ በየቀኑ 10 ሚሊ ጣለ፣ ሌላው 10 ቀን ብቻ ዘንቦ በየቀኑ 50 ሚሊ ዶፍ አወረደው። ወረቀት ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ "መደበኛ ዝናብ" ተብለው ነው የሚጻፉት። መሬት ላይ ግን የመጀመሪያው ጤፍ ያበቅላል፣ ሁለተኛው ዘሩንም አፈሩንም ይዞ አዋሽ ይገባል። አጎቴ "ዝናብ አለ፣ ዝናብ ግን የለም" የሚሉት እሱን ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት የምፈጀውን እሳቸው በአምስት ቃል ጨረሱት።

አዳማ ከፍታ ላይ ናት ይባላል፣ ታድያ ለምን ትደርቃለች?

ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዝቅተኛ ቦታ አትባልም። ነገር ግን ከሰሜን ምዕራብ የሸዋ ደጋ፣ ከደቡብ ደግሞ የአርሲ ተራሮች አሉ፣ ጭላሎ ብቻውን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እርጥብ አየር ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውን እዛው ያራግፋል፣ ከዛ ወደ ሸለቆው ሲወርድ እየሞቀና እየደረቀ ይመጣል። አሰላ በመኪና 75 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ እዛ ጋቢ ለብሰው ጭቃ ሲረግጡ እኛ እዚህ አቧራ የምንጠርግበት ቀን ሞልቷል። በዛ ላይ ፀሐዩና ነፋሱ ከመሬት መምጠጥ የሚችለው ውሃ ከሚዘንበው በብዙ ይበልጣል (የነፋሱን ነገር ጋራው ላይ የተተከሉትን የንፋስ ተርባይኖች ያየ ሰው ያውቀዋል)። ስለዚህ እኛ ጋ መጠባበቂያ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለት ሳምንት ዝናብ ከጠፋ ቡቃያው መጠውለግ ይጀምራል።

ድርቅና ጎርፍ እንዴት ባንድ ዓመት፣ ባንድ ቦታ ይመጣሉ? አይጋጭም?

አይጋጭም፣ እንደውም ከአንድ ምንጭ ነው የሚመጡት። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው የውሃ እንፋሎት ወደ 7 በመቶ ይጨምራል። ይሄ በሁለት በኩል ነው የሚመታን። ዝናብ በሌለበት ቀን የሞቀው አየር ከመሬትና ከተክል የበለጠ ውሃ ይመጥጣል፣ ዝናብ የሚያመጣ ሁኔታ ሲፈጠር ደግሞ የተሸከመውን በአንዴ ያወርደዋል። በሁለት ዝናብ መሃል ያለው ደረቅ ጊዜ ረዘም ይላል፣ ዝናቡ ራሱ ደግሞ ይከብዳል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ውስጥ አጎቴ ማሳ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ የከረመ ዝናብ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ በረዶ የቀላቀለ ውሽንፍር ነበር፣ ከ40 ደቂቃ በላይ አልቆየም፣ የማሳው ዳር ወንዝ ሆኖ ቡናማ ውሃ እየተገላበጠ ወረደ። ሁላችንም "ተመስገን" አልን። ካባራ በኋላ አጎቴ ዶማ አንስተው መሬቱን አንድ ሁለቴ መቱትና "ና እይ" አሉኝ። ከአራት ጣት በታች አፈሩ ደረቅ ነበር፣ በእጄ ሳነሳው አቧራ ሆኖ ተበተነ። ያ ሁሉ ውሃ ላዩን ሄደ እንጂ አልገባም። የደረቀ መሬት ላዩ ቅርፊት ይሠራል፣ ትልልቅ ጠብታ ሲመታው ደግሞ ይበልጥ ይደፈናል፣ ስለዚህ ጎርፍ በወረደበት በዛው ቀን ስሩ ውሃ ተጠምቶ ነው የሚያድረው። ድርቅና ጎርፍ አብረው ይመጣሉ ሲባል የማስታውሰው ያችን የዶማ ጉድጓድ ነው።

ከተማ ውስጥ ጎርፉ ከየት ነው የሚመጣው? አንዳንዴ እኛ ሰፈር ሳይዘንብ ነው የሚደርሰው

ከዙሪያው ጋራ ነው የሚመጣው። አዳማ ሳህን ውስጥ ያለች ከተማ ናት ማለት ይቻላል፣ ዙሪያዋ ከፍ ያለ ነው። አፈሩ ደግሞ ከድሮ እሳተ ገሞራ የቀረ አመድና ቀላል ድንጋይ የበዛበት፣ ልቅ የሆነ፣ ውሃ ሲነካው ቶሎ የሚፈርስ ነው፣ ዛሬ የእግር መንገድ የነበረው ከሁለት ክረምት በኋላ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ይሆናል። ድሮ እርሻና ግጦሽ የነበረው ቦታ አሁን ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው፣ የሚገባበት ስለሌለው የወረደው ሁሉ ወደ ታች ይሮጣል። ቦዩ ደግሞ በሃይላንድና በፌስታል ተደፍኗል። እኛ ሰፈር አንድ ቦይ ተቆፍሮ ሳይገነባ ሁለት ክረምት ከርሟል፣ አፈሩ እየተናደ የሁለት ቤት አጥር ይዞ ሄደ፣ የሚመለከተው አካል ጋ ተመላልሰን አመልክተናል፣ ልጆች የሚያልፉበት መንገድ ስለሆነ ዘንድሮም ሳየው ልቤ ይደነግጣል።

ሰፈር ሳይዘንብ ጎርፍ መምጣቱን ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም። ድሬዳዋ ላይ ሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ሌሊት ላይ የደረሰው እንደዛ ነበር፣ ከላይ ደጋው ላይ የጣለው ዶፍ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ በኩል ወርዶ ከተኙበት ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ገበያ ይቆምበታል። ደረቅ አካባቢ ላይ ያለ ወንዝ የሚያታልለው በዚህ ነው።

ኤልኒኖ ሲባል እንሰማለን፣ እኛን ምን አገባን?

ሩቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ ይባላል፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና። ኤልኒኖ ሲሆን ብዙ ጊዜ የእኛ የሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ይዳከማል፣ በተለይ በሰሜን፣ በምሥራቅና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል። በ2007 ዓ.ም ክረምት የሆነው ይሄው ነው፣ በልጉም ቀድሞ ከሽፎ ስለነበር ተደራርቦ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ።

ግን "ኤልኒኖ ድርቅ ነው" ብሎ መያዝ ስህተት ነው። ቦረና፣ ጉጂና ሶማሌ ክልል ዋናው ዝናባቸው ክረምት አይደለም፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እና ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፣ ቦረናዎች ገና እና ሀገያ የሚሉት። እነሱ ጋ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ዝናብ ኤልኒኖ አብዛኛውን ጊዜ ያበዛዋል፣ ላኒና ነው የሚያጠፋው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ላኒና ተከታትሎ ሲቆይ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ፣ ከብቱ አለቀ። ከዛ በ2016 መጀመሪያ ኤልኒኖና የህንድ ውቅያኖስ ሙቀት ተገጣጥመው ሶማሌ ክልል ጎርፍ ወረደ፣ ዋቢ ሸበሌ ከዳርቻው ወጣ። ያው ሕዝብ ነው ድርቁንም ጎርፉንም የቀመሰው፣ ይሄን ሳስብ በጣም ያመኛል።

አዳማ በሁለቱ ዓለም ድንበር ላይ ያለች ስለሆነ ዋና ዝናቧ የክረምቱ ሆኖ የበልግም ትንሽ ትንሽ ይደርሳታል።

መስከረም ከጠባ በኋላ የሚዘንበውስ?

እሱ ከህንድ ውቅያኖስ ጋር ነው በብዛት የሚያያዘው። የውቅያኖሱ ምዕራብ ጎን፣ ወደ እኛ ያለው፣ ሲሞቅ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዝናብ ይገፋብናል። በ2012 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር የነበረውን ብዙ ሰው አይረሳውም፣ የታጨደ ጤፍ ማሳ ላይ ረጠበ፣ ክምሩ ሻገተ፣ ያ እርጥበት የበረሃ አንበጣውም እንዲራባ ረዳው። ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲለምን ኖሮ በአጨዳ ሰዓት ሲመጣበት ምን ይበል።

ትንበያው ለምን ይሳሳታል? "መደበኛ ይሆናል" ተብሎ አይደል እንዴ የዘራነው

ብዙ ጊዜ ትንበያው ሳይሆን አሰማማችን ነው የሚሳሳተው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲሰጥ በሦስት ከፍሎ ነው፣ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፣ ለየአንዳንዱም ዕድሉን በመቶኛ ያስቀምጣል። ለምሳሌ 25፣ 45፣ 30 ተብሎ ቢወጣ ሬዲዮ ላይ ሲደርስ "መደበኛ ዝናብ ይጠበቃል" ይሆናል። ግን እኮ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከሦስት አንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከሦስት ሰው አንዱ የሚወድቅበት ድልድይ ቢሆን ልጃችሁን ታሻግራላችሁ?

ሌላው፣ የፓስፊኩ ሁኔታ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ለመተንበይ በጣም ያስቸግራል፣ ስለዚህ መጋቢት ላይ የሰማችሁትን ይዛችሁ ሰኔ ላይ አትዝሩ፣ ግንቦት መጨረሻና ከዛ በኋላ የሚወጣውን አዲሱን ስሙ። የወቅቱ ትንበያ ደግሞ ሰፊ አካባቢን በጅምላ ነው የሚያየው፣ "ሐምሌ 12 ወለንጪቲ ይዘንባል" ሊል አይችልም፣ ለሱ የ10 ቀኑንና የ3 ቀኑን ትንበያ ነው መከታተል። አጎቴ አሁን ማዳበሪያ ከመበተናቸው በፊት ይደውሉልኛል፣ በማግስቱ ዶፍ ካለ ስለሚታጠብ። እኔም ስልኬን አይቼ "ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ ይቆይ" እላቸዋለሁ። ሁሌ አይሳካልንም፣ ግን ከግምት በብዙ ይሻላል።

ሳይንቲስቶቹ ስለ ወደፊቱ አይስማሙም ይባላል፣ ታድያ ምን እንመን?

የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን ለዩ። ሙቀት ይጨምራል፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ከባድ ዝናብ የበለጠ እየከበደና እየተደጋገመ ይሄዳል፣ እዚህ ላይም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ሪፖርት ለአብዛኛው አፍሪካ ግልጽ ነው። የዓመቱ ድምር ይጨምራል ወይ ይቀንሳል የሚለው ላይ ግን የወደፊቱን በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሞዴሎች ኢትዮጵያን በተመለከተ ይለያያሉ።

አንዱ ምክንያት የእኛ አገር አቀማመጥ ነው። የዓለም ሞዴል መሬቱን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው፣ አዳማን፣ ቆቃን፣ አሰላንና ጭላሎን አንድ ላይ ጨፍልቆ ባንድ ቁጥር ሊወክላቸው ይችላል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሞዴሎቹ የመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ ይጨምራል ሲሉ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙ ቦታ የታየው መቀነስ መሆኑ ነው፣ ይሄ ተቃርኖ ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

ይሄን ስነግራቸው "እንግዲያ ምንም አይታወቅም ማለት ነው" የሚሉኝ አሉ። በፍጹም! በሁለቱም በኩል ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ ራሱ ትልቅ እውቀት ነው። የሚያረጥበውንም የሚያደርቀውንም ዓመት የሚችል ሥራ ነው መሥራት ያለብን፣ ደግነቱ እዚህ አካባቢ ብዙው ሥራ ለሁለቱም አንድ ነው፣ የወረደውን ውሃ የወረደበት ቦታ መያዝ።

"በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ" ካለፈ በኋላ እፎይ ማለት ይቻላል?

አይቻልም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት እንጂ መቶ ዓመት ይጠብቃል ማለት አይደለም። 30 ዓመት በምትኖሩበት ቤት ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ ከአራት አንድ ይሆናል። በዛ ላይ ይህ ስሌት የሚሠራው ካለፉት ዓመታት መዝገብ ነው፣ ሰማዩ ከተቀየረ የድሮው መቶ ዓመት የዛሬው ሃምሳ ሊሆን ይችላል። ቱቦና ድልድይ የሚሠሩ ኢንጂነሮች በድሮው ቁጥር ብቻ እንዳይሠሩ የምለምነው ለዚህ ነው።

ቆቃ ግድብ አያድነንም?

ግድቡ ከ1952 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ አለ፣ ውሃ ይይዛል፣ ወንጂንና ከታች ያለውን ይረዳል። ግን ከላይ የሚመጣው ደለል ብዙ ቦታውን በልቶታል፣ ከባድ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሞልቶ መልቀቅ ግድ ይሆናል። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ አፋር ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። ከላይ አፈሩ ካልተያዘ ግድብ ብቻውን አይችለውም።

ዛፍ ብንተክል ዝናብ ይመጣል?

የተተከለው ዛፍ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ያሰርጋል፣ ጥላ ይሆናል። ዝናብ ይጠራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፣ የእኛ ዝናብ እርጥበቱ በብዛት ከሩቅ ነው የሚመጣው። በደረቅ ቦታ ደግሞ ዋናው መትከሉ ሳይሆን በመጀመሪያው በጋ ማትረፉ ነው።

ገበሬው ምን ያድርግ?

ሁሉንም መሬት ባንድ ቀንና ባንድ ዘር አለመሸፈን፣ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎና የቦሎቄ ዝርያዎች አውጥቷል፣ ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ ወይም ቀድሞ ሲወጣ እነሱ ናቸው የሚያድኑት።

ሌላው መስመሩን ማሰር ነው። በበቆሎ መስመሮች መሃል ያለውን ቦይ በየተወሰነ እርምጃው በአፈር ትዘጉታላችሁ፣ እያንዳንዱ ክፍል ትንሽ ገንዳ ይሆናል፣ ዶፍ ሲወርድ ውሃው ከመሮጥ ይልቅ ቆሞ ይሰርጋል። አጎቴ መጀመሪያ ግማሽ ጥማድ ላይ ብቻ ሞከሩት፣ "ጉልበት ይበላል" ብለው ነበር። ያን ዓመት በነሐሴ ለ15 ቀን ዝናብ ሲጠፋ የታሰረው በኩል ያለው በቆሎ ቅጠሉን ሳይጠቀልል ቆየ፣ በሌላው በኩል ያለው እንደ ሽንኩርት ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። ከዛ በኋላ ማንም አልመከራቸውም፣ ራሳቸው ነው ወደ ቀረው የቀጠሉት። ዝናቡ ከመጠን በላይ ከሆነና መሬቱ ውሃ ከተኛበት ደግሞ ማሰሪያውን በዶማ መክፈት ነው።

ከተማ ያለነውስ?

ጣሪያችሁን እዩት። 1 ሚሊ ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ቢጥል 1,200 ሊትር ማለት ነው፣ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ አንድ የ1,000 ሊትር ሮቶ ሊሞላ ይደርሳል፣ ባንድ ከሰዓት! ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይሄን መንገድ ላይ መልቀቅ ያሳዝናል። አሸንዳ አስገጥሙ፣ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ልቀቁት፣ የቀረውን ለልብስና ለጽዳት ያዙት። ሰፈር ሙሉ ቢያደርገው ቦዩም ይቀልለዋል።

እና እባካችሁ፣ ጎርፍ የሚሄድበትን መንገድ በባጃጅ አትሻገሩ። ሲሮጥ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ ባጃጅ ደግሞ ከመኪና ቀላል ነው። ውሃው እስኪጎድል ጠብቁት።

ቤቴ ሆኜ ዝናብ መለካት እችላለሁ?

አዎ፣ ሁሉም ሰው ቢለካ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ዝናብ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፣ ጣቢያው ደግሞ በየሰፈሩ የለም። የ2 ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፣ ወገቡ ያልጠበበ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ይሁን። ትከሻው ላይ ዙሪያውን ቁረጡት፣ የተቆረጠውን አፍ ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ መልሳችሁ ክተቱት፣ ውሃው እንዳይተን ይረዳል። ታች ያለው ጉብጉብ ስለሚያሳስት ጠጠር ጨምሩና ጠጠሩን እስኪሸፍን ውሃ አድርጉ፣ እዛ ላይ በማርከር ዜሮ ብላችሁ አስምሩ፣ ከዛ ወደ ላይ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ ነፋስ እንዳይጥለው ሦስት ድንጋይ መሃል አስቀምጡት።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቡ፣ ደብተር ላይ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ፣ ውሃውን ወደ ዜሮ መልሱት። ዝናብ ያልነበረበትን ቀንም "0" ብላችሁ ጻፉ፣ አትዝለሉት። ተማሪዎቼ መጀመሪያ የዘነበበትን ቀን ብቻ ነበር የሚጽፉት፣ አሁን ደብተራቸውን ስገልጠው ሐምሌ ላይ ዘጠኝ ዜሮ ተደርድሮ ከስሩ 47 ይመጣል፣ ከዛ ደግሞ ስድስት ዜሮ።